ተቃራኒ ወገን በምሁራዊ ክርክር ውስጥ ያለው ድርሻ

«ተቃዋሚ» የሚለው ቃል በአማርኛችን የሚወደድ ቃል አይደለም። ሐሳባችንን የተቃወመ ሰው እኛኑ የተቃወመን ይመስለናል። አንድ ጥናት በቀረበበት ስብሰባ ላይ ከአድማጮች አንዱ ጠንከር ያለ ጥያቄ ሲያነሣ፣ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ተጣልተዋል እንዴ?» ሲል ጠይቆኛል። ጠያቂውና ጥናት አቅራቢው የረጅም ጊዜ ወዳጆች ነበሩ። በሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገመገም ተገኝቼ፣ ፈታኞቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ኅዳግ ስፋት፣ ስለ ግርጌ ማስታወሻ አጻጻፍና ስለ ፊደል ግድፈት ሲናገሩ ሰማሁ። ጽሑፉ ከባድ አቋም የያዘ ነበር፤ «ይህን ለምን አልህ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ተማሪው አመስግኖ ወጣ፤ ውጤቱም ጥሩ ነበር። አቋሙ ትክክል ይሁን ስሕተት ግን ማንም ስላልነካው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሁለቱ ገጠመኞች አንድ ሥር አላቸው። በሁለቱም ቦታ ተቃውሞ ከክርክሩ ውጭ ያለ ነገር ተደርጎ ተቆጥሯል፤ በመጀመሪያው እንደ ጠብ፣ በሁለተኛው እንደ ነውር። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የሚሞከረው የዚህን ግልባጭ ነው። አንድ አቋም ሲረጋገጥ፣ ማረጋገጫው ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ የተቃራኒው ወገን ጥያቄ ነው፤ ያ ጥያቄ ከተወገደ በእጃችን የሚቀረው አስተያየት ብቻ ይሆናል። ይህን ለማሳየት የተቃራኒ ወገን ሥራ በጥንቱ ሙግታችንና በአውሮፓ የትምህርት ተቋማት እንዴት ተደንግጎ እንደ ነበር በአጭሩ እናያለን። ከዚያ በኋላ ከራሳችን ሥነ ጽሑፍ ሁለት ጉዳዮችን እንመረምራለን።

ከሙግት ወደ ክርክር

አገራችን ለተቃራኒ ወገን ሥርዓት አላበጀችም ማለት አይቻልም። በቀድሞው የፍርድ አደባባይ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ የሚሟገቱ ባለ ጉዳዮች ነገራቸውን በግጥም፣ በምሳሌና በቅኔ አዘል ንግግር ያቀርቡ እንደ ነበር የሥነ ቃል ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ትኩረት የተሰጠው ግን ባብዛኛው ለንግግሩ ውበት ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ከውበቱ ሥር ያለው ደንብ ነው። አንዱ ተሟጋች ሌላውን «ተጠየቅ» ሲለው፣ የተጠየቀው ሰው መመለስ ነበረበት፤ ዝም ማለት ወይም ነገርን ወደ ሌላ መምራት ያስረታል። ከዚህም ሌላ ተሟጋቾቹ በፈረስ፣ በበቅሎ ወይም በማር ይወራረዱ ነበር። ውርርዱ ቀልድ አልነበረም፤ አንድን ቃል በአደባባይ ያጸና ሰው ቃሉ ቢወድቅ የሚከፍለው ዕዳ እንዳለበት የሚያሳውቅ ነበር። መጠየቅና መልስ ማግኘት መብት፣ መመለስ ግዴታ፣ መናገር ደግሞ ዋጋ ያለው ተግባር ነበር።

ይሁን እንጂ ሙግትና ምሁራዊ ክርክር አንድ አይደሉም። በሙግት ርስቱ ለአንደኛው ወገን ይፈረዳል፤ የተረታው ባዶ እጁን ይመለሳል። በምሁራዊ ክርክር ግን የተረታው ሰው ከስሕተት ወጥቶ ይሄዳልና ከረቺው ይልቅ የሚያተርፈው እሱ ነው ሊባል ይችላል። ይህ ልዩነት የተቃራኒውን ሥራ ይለውጠዋል። ተሟጋች ለራሱ ርስት ይሟገታል፤ የምሁራዊ ክርክር ተቃራኒ ግን ለሁለቱም የጋራ በሆነ ጉዳይ ላይ ይሠራል።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ በጽሑፍ የተነተነው አርስጣጣሊስ ይመስለኛል። «ቶፒካ» በተባለው ሥራው በስምንተኛው መጽሐፍ ጠያቂና መላሽ የየራሳቸው ሥራ እንዳላቸው ይደነግጋል። መላሹ አንድ አቋም ይይዛል፤ ጠያቂው ደግሞ መላሹ ራሱ ከተቀበላቸው ነገሮች ተነሥቶ አቋሙን ወደሚያፈርስ መደምደሚያ ሊያደርሰው ይሞክራል። አርስጣጣሊስ እዚያው ላይ የሚለው ሌላም ነገር አለ፦ ክርክሩ የሁለቱ የጋራ ሥራ ስለ ሆነ፣ እልኸኛ መላሽም ሆነ ተንኮለኛ ጠያቂ ሥራውን ያበላሻል። አንድ ክርክር መጥፎ ሆኖ ሲገኝ ጥፋቱ ሁልጊዜ የአቅራቢው እንዳልሆነም ያስረዳል።

በ13ኛው መቶ ዓመት በፓሪስና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ሥራ የዘወትር ትምህርት ሆነ። በላቲን «ዲስፑታቲዮ» በሚባለው ሥርዓት መምህሩ ጥያቄ ያወጣል፤ አንድ ተማሪ መላሽ፣ ሌሎች ተቃራኒ ሆነው ይቆማሉ፤ ከዚያም መምህሩ የሁለቱን ወገን ነጥቦች ሰብስቦ የመጨረሻ መልስ ይሰጣል። የዚህ ሥርዓት አሻራ በቶማስ አኲናስ ትልቁ የሥነ መለኮት ድርሳን ላይ ጎልቶ ይታያል። እያንዳንዱ አንቀጽ የሚጀምረው ደራሲው በማያምንባቸው ነጥቦች ነው። ተቃውሞዎቹ ቀድመው ይዘረዘራሉ፤ ከዚያ የደራሲው መልስ ይመጣል፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ተቃውሞ በተራው ይመለስለታል። አንባቢ መጽሐፉን ገልጦ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ አንብቦ ቢዘጋ፣ አኲናስ የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ የያዘ ሰው ሊመስለው ይችላል። ተቃውሞው በዚህ ያህል በቅንነት ተጽፏል።

ከዚሁ ዘመን የወጣ፣ ብዙ ጊዜ የማይነሣ፣ እኔን ግን እጅግ የሚማርከኝ ሌላ ልምምድ አለ። «ኦብሊጋቲዮኔስ» ይባላል፤ «ግዴታዎች» እንደ ማለት ነው። ተቃራኒው ሐሰት መሆኑ የታወቀ አንድ ዓረፍተ ነገር ያቀርባል፤ መላሹ እውነት ነው ብሎ ለመያዝ ይገባል። ለምሳሌ «በዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ መነኩሴ ነው» ይባል። ተቃራኒው ቀጥሎ «አንተ በዚህ አዳራሽ አለህ» ይላል። መላሹ ይህ እውነት ስለ ሆነና ከያዘው ጋር ስለማይጋጭ ይቀበላል። «እንግዲያው አንተ መነኩሴ ነህ» ሲባል፣ ባለ ትዳርና የልጆች አባት ቢሆንም እንኳ መቀበል አለበት፤ ቀድሞ ከተቀበላቸው ሁለት ነገሮች የሚከተል ነውና። «መነኩሴ አይደለሁም» ያለ እንደ ሆነ ተረታ። ጨዋታው የሚያልቀው መላሹ ራሱን በራሱ ሲቃረን ወይም ጊዜው አበቃ ሲባል ነው። እዚህ ላይ የሚፈተነው የመላሹ እምነት አይደለም። የሚፈተነው አንድን አቋም ከነውጤቱ መሸከም መቻሉ ነው። የእኛ ተማሪዎች በጽሑፋቸው ሁለተኛ ምዕራፍ አንድ ንድፈ ሐሳብ ተቀብለው በአራተኛው ምዕራፍ የሚተዉት፣ በመካከል «እንግዲያው አንተ መነኩሴ ነህ» የሚላቸው ሰው ስለ ጠፋ ነው።

ተቃራኒው በሥነ አመክንዮ ውስጥ

እስካሁን የተነገረው ስለ ክርክር ልማድ ነው። አንድ ሰው «ልማዱስ ይሁን፤ የአመክንዮ ሕግ ግን በሰው መኖር አለመኖር የሚወሰን አይደለም» ሊል ይችላል። ይህ ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ ደኅና መልስም ይሻል።

ጀርመናዊው የሒሳብና የሥነ አመክንዮ ሊቅ ፓውል ሎሬንዘን በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አንድ ያልተለመደ ሐሳብ አቀረበ፤ ኩኖ ሎሬንዝ አብሮት አስፋፋው። «እና»፣ «ወይም»፣ «ከሆነ»፣ «ሁሉ» የሚሉትን ቃላት ትርጉም በባለ አቋምና በተቃራኒ መካከል በሚደረግ የጥያቄና የመልስ ደንብ መግለጽ ይቻላል አለ። ባለ አቋሙ «ይህ እና ያ እውነት ነው» ካለ፣ ከሁለቱ የትኛው ይረጋገጥ የሚለውን የሚመርጠው ተቃራኒው ነው። «ይህ ወይም ያ» ካለ ግን ምርጫው የባለ አቋሙ ነው። «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» ካለ፣ ተቃራኒው የመጀመሪያውን ለክርክሩ ሲል ተቀብሎ «እሺ፣ እንግዲህ ሁለተኛውን አሳየኝ» ይለዋል። «ሁሉም» ያለ ሰው ምሳሌውን የመምረጥ መብት ለተቃራኒው ሰጥቷል፤ «አንዳንድ» ያለ ግን ምሳሌውን ራሱ ይመርጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር በአመክንዮ እውነት ነው የሚባለው፣ ተቃራኒው ምንም ቢመርጥ ባለ አቋሙ የሚረታበት መንገድ ሲኖረው ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ አስገራሚ ደንብ አለ። ባለ አቋሙ አንድን ቀላል፣ ወደ ሌላ የማይተነተን ዓረፍተ ነገር ለማስረጃነት ሊጠቀምበት የሚችለው ተቃራኒው ቀድሞ ከተናገረው ብቻ ነው። የአመክንዮ ማረጋገጫ የሚሠራው ተቃራኒው በሰጠው ዕቃ ነው ማለት ነው። ተቃራኒው ምንም ካልተናገረ የሚሠራበት ነገር የለም።

ይህን ወደ ሙያችን እናምጣው። በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ‹ጦቢያ› የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ነው።» መጽሐፉ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሚል ርዕስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ታተመ። ዓረፍተ ነገሩ ስለ አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚናገር ይመስላል። «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ግን በውስጡ «ሁሉ» አለበት፦ ሌላ የአማርኛ ልቦለድ ሁሉ ከእሱ በኋላ የመጣ ነው ማለት ነውና። ስለዚህ ምሳሌውን የሚመርጠው ተቃራኒው ነው። ባለ አቋሙ ከ1908 በኋላ የታተሙ ሃምሳ ልቦለዶች ቢቆጥር አንድ እርምጃ አልሄደም፤ ተቃራኒው ግን አንድ ቀዳሚ መጽሐፍ ቢያመጣ ይበቃዋል። ያመጣልም፦ የጆን በንያን መንፈሳዊ ትረካ የአማርኛ ትርጉም ከ«ጦቢያ» ቀድሞ ታትሞ ነበር። ባለ አቋሙ «እኔ ያልሁት በአማርኛ የተደረሰውን ነው» ብሎ አቋሙን ያጠብባል። ተቃራኒው ይቀጥላል፦ «ልቦለድ ስትል ምን ማለትህ ነው? የመንታ ወንድምና እኅት መለያየትና መገናኘት፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጅ፣ አጋጣሚ በአጋጣሚ ላይ የተደራረበበት ታሪክ፤ ይህ ከጥንቱ የጀብድና የፍቅር ትረካ በምን ይለያል?» አሁን ባለ አቋሙ ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል፣ ስለ መጽሐፉ መጠንና ስለ ትረካ አንጻር መናገር ይኖርበታል። በመጨረሻ የሚቆመው ዓረፍተ ነገር «በአማርኛ ተደርሰው ከታተሙ ረዘም ያሉ የፈጠራ ትረካዎች መካከል የመጀመሪያው ነው» የሚል ወይም ይህን የሚመስል ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ ከመጀመሪያው ይልቅ ረዥምና ደስ የማይል ነው፤ ግን ይቆማል። «ተደርሰው» የሚለውን ቃል ያስገባው ማን ነው? «ረዘም ያሉ» የሚለውንስ? ሁለቱንም ያስገባው ተቃራኒው ነው። ስሙ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ አይጻፍም እንጂ የዓረፍተ ነገሩ ግማሽ የእሱ ነው።

የ«ሐተታ» ጉዳይ

ከዚህ የሚበልጥ፣ ሕመምም ያለበት ምሳሌ የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ነው። ጉዳዩ ለአንባብያን አዲስ ባይሆንም ከተቃራኒ ወገን ሥራ አንጻር ብዙ አልታየም።

በግዕዝ የተጻፉት የዘርዐ ያዕቆብና የደቀ መዝሙሩ የወልደ ሕይወት ሐተታዎች በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ተደረሱ ራሳቸው ይናገራሉ። ወደ አውሮፓ የገቡት ግን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣልያዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ በበጌምድር ሳለ አገኘኋቸው ብሎ ለፈረንሳዊው የጽሑፍ ሰብሳቢ ለአንቷን ዳባዲ ላካቸው፤ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ግዕዙን ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተመ። እስከዚህ ድረስ ሥራው የኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ነው በሚለው ላይ ብርቱ ተቃራኒ አልነበረም። በዚያ ጊዜ ስለ ሐተታው የተጻፈው በአድናቆት የተሞላ ነው። የቅጂውን ታሪክ፣ የላኪውን ማንነትና የቋንቋውን ጠባይ አጥብቆ የመረመረ ግን አልነበረም። ማን ይጠይቃል?

እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ጠየቀ። እሱ ራሱ ቀደም ሲል ሥራውን እንደ እውነተኛ ተቀብሎት ነበር፤ አሁን ግን ደራሲው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። ካቀረባቸው ነጥቦች መካከል ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ የሰጡት ምስክርነት፣ የታወቁት ቅጂዎች ሁሉ በአንድ ሰው እጅ በኩል መምጣታቸው፣ የጁስቶ የግዕዝ ችሎታና በደብዳቤዎቹ የሚታየው ልቅ አስተሳሰብ፣ ጁስቶ ከመመንኮሱ በፊት የነበረው ስም ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ መሆኑ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1934 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ሐሳቡን ደገፈ።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። ኮንቲ ሮሲኒ በኤርትራ የኢጣልያ ቅኝ አገዛዝ ባለሥልጣን የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1935፣ በወረራው ዋዜማ፣ ኢትዮጵያ በሥልጣኔ ለመራመድ አትችልም የሚል ጽሑፍ አውጥቷል። አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ካወቀ በኋላ የ1920ውን ጽሑፍ በቀዝቃዛ ልብ እንዲያነብ መጠየቅ ቀላል አይደለም። «ጥቁር ሰው እንዲህ ሊያስብ አይችልም ብሎ ስለሚያምን ነው እንዲህ የጻፈው» የሚለው መልስ ፈጥኖ ይመጣል። ምናልባትም እውነት ይሆናል። ነገር ግን መልሱ ስለ ኮንቲ ሮሲኒ የሚናገር እንጂ ስለ ሐተታው አንዳች አይናገርም። የሰውየው ጥላቻ ነጥቡን ለምን እንዳነሣ ሊያስረዳ ይችላል፤ ነጥቡ ልክ መሆን አለመሆኑን ግን አይወስንም። በተቃራኒው በኩልም ያው ነው፦ «እንዲህ ያለ አስተሳሰብ ከኢትዮጵያ ሊወጣ አይችልም» የሚል ማንም ቢሆን ማረጋገጥ የሚገባውን ነገር እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ወስዷል፤ የሐተታው ባለቤት ኢትዮጵያዊ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ ያን ጊዜውኑ ሐሰት ነውና።

ከነጥቦቹ አንዱን ብቻ እርምጃ በእርምጃ እንከተል። ተቃራኒው «ሐተታው በ17ኛው መቶ ዓመት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ከጁስቶ እጅ ያልመጣ ሌላ ቅጂ በተገኘ ነበር፤ አልተገኘም፤ እንግዲያው በዚያ ዘመን አልተጻፈም» ይላል። የነጥቡ ቅርጽ ትክክል ነው። መደምደሚያውን ያልተቀበለ ሰው ከሁለቱ መነሻዎች አንዱን መንካት አለበት። «አልተገኘም» የሚለውን ለመንካት ሌላ ቅጂ መፈለግ ያሻል፤ ይህ የቤተ መጻሕፍትና የገዳማት ሥራ ነው። «በተገኘ ነበር» የሚለውን ለመንካት ግን ማሰብ ይበቃል፦ መጽሐፍ የሚገለብጡት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ፤ ጾምንና ምንኩስናን፣ የሃይማኖት ወገኖችንም ሁሉ የሚነቅፍ መጽሐፍ ገልባጭ ቢያጣ ምን ይደንቃል? ጥሩ መልስ ነው። ተቃራኒው ግን አላበቃም፦ «ገልባጭ ያጣ መጽሐፍ ሁለት መቶ ዓመት በምን ኖረ?» ባለ አቋሙ አሁን ስለ ቤተሰብ ቅርስ፣ ስለ ተሰወሩ መጻሕፍት፣ ስለ ደብተራ ግላዊ ስብስብ ማስረጃ ማምጣት ይኖርበታል። አንድ እርምጃ በሄድን ቁጥር ስለ መጽሐፍ ገልባጮች፣ ስለ ባለቤትነትና ስለ ንባብ ልማዳችን አዲስ ጥያቄ እየተወለደ ነው። ሐተታው የማንም ቢሆን ይህ ትርፍ የእኛው ነው።

ክርክሩ ምን እንዳፈራ ለማየት የክሎድ ሰምነርን ሥራ ማየት ይገባል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምሩ የነበሩት እኒህ ካናዳዊ ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባወጧቸው ጥራዞች የጁስቶን የታወቁ ጽሑፎች ከሐተታው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ቋንቋውንና አስተሳሰቡን መረመሩ፤ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ወደሚል መደምደሚያም ደረሱ። ያን ያህል ድካም በሐተታው ላይ የፈሰሰው ኮንቲ ሮሲኒ ስለ ካደ ነው። ሰምነር የተቃራኒያቸውን ነጥብ በሙሉ ኃይሉ ተቀብለው ስለ መለሱ፣ መጽሐፋቸው ዛሬ በመደምደሚያቸው የማይስማማ ሰው እንኳ ሊያልፈው የማይችል ሆነ። በኋላም አናይስ ዊዮን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት የጁስቶን ደራሲነት በአዲስ ማስረጃ ሲደግፉ፣ ቀድሞ ከኮንቲ ሮሲኒ ወገን የነበሩት ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሐሳባቸውን ለውጠው ሥራው መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ሊቅ ነው አሉ። ጉዳዩ አልተዘጋም። አንድ አንጋፋ ሊቅ በስተርጅና አቋሙን ለውጦ በጽሑፍ ማውጣቱን ግን ከክርክሩ ፍሬዎች አንዱ አድርጌ እቈጥረዋለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ሐተታው ራሱ ስለዚህ ጉዳይ የሚተርከው አለ። ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም መጻሕፍትን ሲያስተምር የፈረንጆቹን አተረጓጎምም የግብጻውያኑንም ለየብቻ ይናገር ነበር፤ ይህኛው ትክክል፣ ያኛው ስሕተት ነው አይልም ነበር። ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። በመጨረሻም ከንጉሥ ሱስንዮስ ዘንድ ተከሶ ለመሰደድ በቃ።

ተቃራኒ ሆኖ መቆም

እዚህ ላይ ከእኛው ትምህርት አንድ ነገር ሊነሣ ይችላል። የአንድምታ ትርጓሜ «አንድም» እያለ ለአንድ ንባብ ብዙ ፍቺ ይሰጣል፤ ይህ ለተቃራኒ ሐሳብ ቦታ መስጠት አይደለምን? እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። በአንድምታ ፍቺዎቹ ባብዛኛው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን «ተጠየቅ» አይለውም። ይህ የትርጉም ሀብት ነው፤ ተቃውሞ ግን አይደለም። ዛሬ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች «የቀደምት ጥናቶች ቅኝት» የሚባለው ክፍል የሚጻፈው በአንድምታ መንገድ ነው፦ እገሌ እንዲህ ብሏል፤ እገሊት ደግሞ እንዲህ ብላለች። የተባሉት ሁለት ነገሮች አብረው ሊቆሙ የማይችሉ ቢሆኑም ጸሐፊው በሰላም አልፏቸው ይሄዳል።

ተቃራኒ ሆኖ መቆምም የራሱ ግዴታ አለው። ዋነኛው አቋሙን ባለቤቱ በሚቀበለው ቃል መልሶ መናገር ነው። ይህን ያላደረገ ተቃዋሚ፣ ማንም ያላለውን ነገር አቁሞ ይጥልና ረታሁ ይላል። ሁለተኛው የሚቃወመው ምኑን እንደ ሆነ መለየት ነው፤ ማስረጃውን ነው? ከማስረጃው ወደ መደምደሚያው የተሄደበትን መንገድ ነው? ወይስ የቃሉን ፍቺ? «አልተዋጠልኝም» ከነዚህ አንዱንም አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ተቃራኒው የሚናገረውን ማመን አለበት ወይ የሚለው ነው። በሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ቅዱስ ተብሎ ከመሰየሙ በፊት ጉድለቱን የሚፈልግ፣ በተለምዶ «የሰይጣን ጠበቃ» የሚባል ባለሥልጣን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ደንብ ሥራውን በእጅጉ ቀነሰው። የተሾመ ተቃራኒ ጥቅም አለው፦ ሥራው ስለ ሆነ ማንም አይቀየመውም። ጆን ስቱዋርት ሚል ግን በ1859 (እ.ኤ.አ.) ስለ ነጻነት በጻፈው መጽሐፍ፣ የተቃራኒውን ነጥብ ከልቡ ከሚያምንበት ሰው አፍ መስማት እንደሚያስፈልግ ይከራከራል። የሐተታው ጉዳይ ለሚል የሚመሰክር ይመስለኛል፤ የተሾመ ተቃራኒ ኮንቲ ሮሲኒ የደከመውን ያህል አይደክምም ነበር።

ቢሆንም ከምንም የተሾመ ይሻላል። በስዊድንና በፊንላንድ የዶክትሬት ጽሑፍ በአደባባይ ሲቀርብ፣ በቋንቋቸው «ተቃዋሚ» የሚል ስም የተሰጠው ከሌላ ተቋም የመጣ ምሁር ይመደባል። በስዊድን ጽሑፉ ከክርክሩ ሳምንታት ቀድሞ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ተቃዋሚው ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ጽሑፉን በራሱ ቃል ለአዳራሹ በማስረዳት ነው፤ ጸሐፊው «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» ካለ በኋላ ጥያቄው ይከተላል። ከዚያ ከታዳሚው መካከል የሚቃወም ካለ ይጋበዛል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ፈታኝ አላቸው፤ የሚጎድለው ይህ መጀመሪያ ነው። ፈታኙ ስለ ኅዳግ ስፋት ከመናገሩ በፊት «ጽሑፍህ የሚለው ይህ ነው፤ ተሳስቻለሁ?» ብሎ በአምስት ደቂቃ ቢናገር፣ ምናልባት ተማሪው ራሱ የጻፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላ ሰው አፍ ይሰማው ነበር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዲስ ደንብም የሚያሻው አይመስለኝም፤ አንድ የትምህርት ክፍል በሚቀጥለው ግምገማ ሊጀምረው ይችላል።

በፊንላንድ ክርክሩ በተፈጸመበት ዕለት ማታ እጩው ዶክተር እራት ያበላል። እራቱ በልማዱ የሚዘጋጀው ለተቃዋሚው ክብር ነው፤ እሱም በክብር ቦታ ይቀመጣል። በእኛም ዘንድ ከግምገማው በኋላ ግብዣ አይጠፋም፤ ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከሌላ ከተማ የመጣው ፈታኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰዓት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ መናኸሪያ እየሄደ ነው።